ለሚስቅለት ይጽፋል

«ልጄ መጻፍ ጠላ» አለችኝ። እህቴ፣ ልጅሽ የጠላው መጻፍ አይደለም፤ መልስ የማይመጣለት ደብዳቤ መላክ ነው!

ሜሪላንድ ውስጥ ልጆቿን ቤት የምታስተምር እናት ናት። ሆምስኩል በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ከአበሻውም የገቡበት አሉ። ሒሳቡ ይሄዳል፣ ንባቡ ይሄዳል። «እስኪ ስለ ክረምት አንድ አንቀጽ ጻፍ» ሲባል ግን ልጁ ውኃ ይጠማዋል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ እርሳሱን እስኪያልቅ ይቀርጻል። ለማን ብሎ ይጻፍ? ርዕሱን የሰጠችው እናቱ፣ የምታነበው እናቱ፣ በቀይ የምታርመው እናቱ፣ ራት የምታቀርበውም እናቱ። ትምህርት ቤት ቢሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰርቆ አይቶ ይስቅለት ነበር። ቤት ውስጥ የሚያርመው ሞልቶ የሚስቅለት ጠፋ!

የሚስቅለት አንባቢ በኮምፒውተር በኩል ይገኝለታል ስል፣ «እና ኮምፒውተር ላይ ልጣደው?» ይላሉ አንድ አባት። ድስትም ይጣዳል፤ ዋናው ምን እንደሚበስልበት ነው፣ ጋሼ! ትዋይን የሚባለውን ልንገርዎት። ክሪስ ክላይማስ የተባለ ሰው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው፣ በነፃ የሚገኝ፣ ታሪክ መሥሪያ ነው። ልጁ ሣጥን ይከፍታል፣ ጥቂት ይጽፋል፣ ከሥር ለአንባቢው ምርጫ ያስቀምጣል። ምርጫውን በድርብ አራት ማዕዘን ቅንፍ [[ ]] ሲከበው አዲስ ባዶ ሣጥን ይወለዳል። በፊደላችን ቢጻፍበትም ያው ነው።

የዚያች እናት ልጅ የጻፈው ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስለደረሱ አያት ነው። የጉምሩኩ ሰው ሻንጣ ከፍቶ አንድ ላስቲክ ቀይ ዱቄት አወጣና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ምርጫ አንድ፦ «በርበሬ ነው በለው»። ምርጫ ሁለት፦ «ቅመሰውና እየው በለው»። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ምርጫ የሰጠ ሰው ሁለቱንም መንገድ መጻፍ አለበት። ሦስት መስመር ጻፍ ሲባል የሚያለቅሰው ልጅ ጉምሩኩን አስነጠሰው፣ አነፍናፊውን ውሻ አስፈረጠጠው፣ አለቃ አስጠራ፣ አያትን ክፍል አስገባቸው። ማንም «ጨምር» አላለውም፤ ባዶው ሣጥን ነው ቁጭ ብሎ የጠበቀው።

ታሪኩ ሲያልቅ አንድ ፋይል ይሆናል። በቴሌግራም አዲስ አበባ ላሉት ለእውነተኛዋ አያት ተላከ። እሳቸውም በስልካቸው ከፍተው የማይሆነውን ተጫኑና ታሰሩ። ወዲያው ደወሉ፦ «አንተ! ገና እግሬ ሳይረግጥ ታሳስረኛለህ?» ልጁ እየሳቀ ተመልሶ ማምለጫ ጻፈላቸው። «ድገመው» ሲባል አሻፈረኝ የሚለው ልጅ፣ አያቱን ለማስፈታት ሮጦ ደገመው!

(ይህቺን ግን አትርሱ፦ ትዋይንን ድረ ገጽ ላይ ስትሠሩበት ታሪኩ የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። ብራውዘሩን ያጸዳ ድርሰቱንም አብሮ ያጸዳል። ፋይሉን አውርዱ፤ የጠፋበትን ልጅ እንደገና ጻፍ ማለት ከባድ ነው።)

«እኔ ኮምፒውተር አይገባኝም» ትላለች ሌላዋ። እንካ ስላንትያ ይገባሻል? እንግዲያው ይበቃሻል! ጉግል ዶክስ ላይ አንድ ገጽ ክፈቺና ወንድምና እህትን በሁለት መሣሪያ አስገቢያቸው፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እዚያው ያያል።

«እንካ ስላንትያ!»
«በምንትያ?»
«በአይጥ።»
«ምን አለህ በአይጥ?»
«አንቺ ስታንቀላፊ እኔ ዳቦ ልግመጥ!»

እህት ቀበል አድርጋ «በድመት» አለች።

«ምን አለሽ በድመት?»
«ዳቦህን ነጥቄ ልተኛ በምቾት!»

ወንድም «ቆይ፣ ቆይ!» ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፣ አጠፋ። ቤት የሚመታ ቃል ፍለጋ እንዲህ የሚያስጨንቀውን ልጅ ነው መጻፍ ይጠላል ያላችሁኝ?

«ትንሿ ገና 8 ዓመቷ ነው።» ስክራች አለላት፤ ኤምአይቲ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ለልጆች ያወጣው፣ ምናሌው ወደ አማርኛ የሚቀየር። ውስጡ ያለው ድመት በአረፋ ይናገራል፤ የሚናገረውን የምትጽፍለት እሷ ናት። ራሷ ካላጋራችው በቀር ሌላ ሰው አያየውም።

«የእጅ ጽሕፈቱስ? የኔታ በኪቦርድ ነው ያስተማሩን?» የኔታስ መቼ በጽሕፈት ጀመሩ! ፊደሉ በዓይንና በአፍ፣ ዳዊቱ በንባብ፤ ብርዕ የሚጨብጠው ዘግይቶ፣ ያውም ጥቂቱ ነበር። ብዙ ሆምስኩል የሚያደርጉ ቤተሰቦች የሚከተሏት እንግሊዛዊት ሻርሎት ሜሰንም ልጅ 10 ዓመት ገደማ እስኪሆነው ያነበበውን በአፉ ይተርክ ነበር የምትለው። እጅ ሲደክም ሐሳብ አብሮ አይቅር። ጉግል ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። ልጁ ይናገር፣ ስልኩ ይጻፍ፣ ስልኩ ያሳሳተውን ልጁ ይረም። ሁልጊዜ ሲታረም የኖረ ልጅ አራሚ ሲሆን እዩት! የእጅ ጽሕፈቱ በሌላ ሰዓት፣ አጠር ብሎ፣ ለብቻው ይሁን።

«ለምን ቻትጂፒቲ አይጽፍለትም?» እንግዲያው አያቱም ለቻትጂፒቲ ይደውሉ!

«ካውንቲው ጨዋታ ነው ቢለኝስ?» የሜሪላንድ ደንብ የሚጠይቅሽ ፖርትፎሊዮ ነው፤ ሊገቡበት ከሚችሉት መካከልም የልጁ ጽሑፎችና የፈጠራ ሥራዎች በስም ተጠቅሰዋል። እንግሊዝኛ ከግዴታ ትምህርቶቹ አንዱ ስለሆነ ያንኑ ታሪክ ለጎረቤት ጓደኛው በእንግሊዝኛ ይጻፈው። አትሚው፣ ቀን ጻፊበት፣ አስገቢው። ገምጋሚው ማንኪያ በርበሬ ቢለምንሽ ግን እኔ የለሁበትም!

«ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ ይደባልቃል።» እናንተስ? በቴሌግራም የላካችሁልኝን ላውጣው? ልጁ ጽፎ ሳይጨርስ «ይሄ ሆሄ» ያለው ሰው ታሪኩን አንገቱ ላይ ያንቀዋል። መጀመሪያ አንብቡለት፤ የሚያስቀውን ሳቁለት፤ «ከዚያስ ውሻው የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ መርጣችሁ አሳዩት፤ የቀረው ለሚቀጥለው ታሪክ ይቆይ።