የጨረቃ ከተማ

የወሎ ቦረናው መካነ ሰላም አደገ ይባላል። እውነት ነው፤ አምና ገብስ የታጨደበት ማሳ ዘንድሮ «ሳይት» ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከሊዝ ውጭ የከተማ መሬት እንዳይያዝ ከለከለ፤ ጨረቃ ግን አዋጅ አታነብም። በቦረና ደጋ ብርድ፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በተኛበት ሰዓት፣ ግድግዳው ይማገራል፤ ቆርቆሮው ይመታል፤ ቀስ ተብሎ፣ መዶሻው በጨርቅ ተጠቅልሎ። አዲስነቱ እንዳያሳብቅ በአመድና በጭቃ ይታሻል። ሲነጋ የአያት ቤት ነው! ጎረቤትም ይመሰክራል፦ «እኛ ስንወለድም እዚሁ ነበር።» (ነገ የእሱም ተራ ነዋ።) ውሃ? መብራት? ካርታው ሲመጣ ይመጣሉ። ማሳውን በካሬ የሸጠው ገበሬስ? የትም አልሄደም፤ እዚያው የገዛ ማሳው ላይ ለሰው ቤት ጭቃ ያቦካል፣ በቀን ሥራ።