ርብ በአንድ ደቂቃ ሞልቶ ሲጎድል

ወረታ ላይ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ ከሚሰማው ክርክር ሁሉ የሚጥመኝ የ«ላክሁ» እና የ«አልገባም» ክርክር ነው። መብራት አለ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ገለባው ይቦናል፤ ኔትወርክ ግን የለም።

«አያ፣ ገንዘቡን ከላክሁልዎት እኮ ቆየሁ» ይላል ባለሩዙ።

«ልከህ ይሆናላ! እኔ ዘንድ ግን አልገባም» ይላሉ ባለወፍጮው፣ ስልካቸውን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው።

መልእክቱ ራት ላይ ይገባል። ጉዱ የሚመጣው ያኔ ነው። ባለወፍጮው የስልካቸውን ሰዓት በእጃቸው ወደ አበሻ መልሰውታልና ከላይ «1:40» ይላል፤ ማታ የደረሰበት ሰዓት ነው። መልእክቱ ውስጥ ደግሞ ገንዘቡ የተላከው «10:15» መሆኑ ተጽፏል፤ እሱ በፈረንጅ ነው፣ ለእኛ ከጠዋቱ 4፡15። ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው ያነቡና «በ10 ሰዓትማ ዘግቼ ቤቴ ገብቻለሁ! የትኛው ሌባ ነው ቤት ተዘግቶ የሚከፍለኝ?» ይላሉ። የሚከፍል ሌባ መቼም ከተገኘ ወረታ ላይ ነው።

በሰውዬው የምንስቅ እኛ ግን ውድ መሣሪያ ገዝተን ያንኑ ስሕተት እንደግመዋለን። እንበልና ርብ ወንዝ ላይ የውሃውን ከፍታ በየ15 ደቂቃው እየለካ የሚልክ መሣሪያ ተተከለ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጉና ተራራ ላይ ይወርዳል፤ ውሃው ፎገራ ሜዳ የሚደርሰው ሰው ከተኛ በኋላ ነው። ኔትወርክም የሚጠፋው ያን ሌሊት ነው። መሣሪያው ጨዋ ነውና ዝም ብሎ እየለካ ያጠራቅማል፤ ሲነጋ መስመር ሲያገኝ የ12 ሰዓቱን 48 ልኬት ባንድ ትንፋሽ ይዘረግፈዋል። ተቀባዩ ኮምፒውተር የሚያምነው የደረሰበትን ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ርብ ከጠዋቱ 1፡07 ላይ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ፣ ሜዳውን አጥለቅልቆ፣ ጎድሎ ተገኘ ማለት ነው። የነሐሴ 1998ን ጎርፍ ያየ የፎገራ ገበሬ ይህን ግራፍ ቢያሳዩት ምን እንደሚል አላውቅም፤ የሚጻፍ ግን አይመስለኝም። ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይደርሳል፦ «ውሃ እየመጣ ነው፣ ከብት አሽሹ» ይላል፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ለቆመ ሰው።

የመሣሪያውን መመሪያ የጻፉት ሰዎች አገር ኔትወርክ የሚጠፋው ቡና እስኪፈላ ነው። እኛ ዘንድ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነገሩ በወራት ነበር የሚቆጠረው። የሚያጠራቅምበት ቦታ ጠባብ የሆነ መሣሪያ ይህን ያህል ሲቆይበት አሮጌውን እየሰረዘ በላዩ አዲሱን ይጽፋል። በዚያ ላይ ሰዓቱን የምታስቆጥርለት አዝራር የምታህል ባትሪ አለች። እሷ ሞታ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ አንዳንዱ መሣሪያ የሚነቃው ብዙ ኮምፒውተሮች ዘመናቸውን ከሚጀምሩበት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ፎገራ ሩዝን ያወቀው በደርግ ዘመን ስለሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ዲጂታል ሚዛን እንዲህ ቢነቃ፣ በጃንሆይ ጊዜ የተመዘነ የፎገራ ሩዝ ይኖረናል ማለት ነው። የሩዝ ምርምር ማዕከሉ እዚሁ ወረታ ስለሆነ ቢመረምረው ደስ ይለኛል።

ሁሉን በማሽን ማላከክም ነውር ነው። የወንዝ ከፍታ በሰው ዓይን ሲነበብ ጊዜው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። መዝገቡ ላይ «12» እና «12» ብቻ ከተጻፈ፣ ከተማ ያለው መዝጋቢ አንዱን እኩለ ቀን፣ ሌላውን እኩለ ሌሊት አድርጎ ያስገባዋል፤ ወንዙም ስድስት ስድስት ሰዓት ይንሸራተታል። የሜትሮሎጂ ጣቢያው ዝናቡን የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ 9 ይባላል፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ደግሞ 6። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ሦስት ሰዓት! ይኸው ውሃ የትናንት ዝናብ ነው ወይስ የዛሬ የሚለው ክርክር ገና ሳይነሣ ነው ይህ ሁሉ።

የሚገርመው የሆነበትንና የተሰማበትን ጊዜ መለየት ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። ልጅ ሩቅ አገር ቢሞት መርዶው ከሳምንት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ለቅሶው በመርዶው ቀን ይቀመጣል፤ አርባው ግን ከሞተበት ቀን ይቆጠራል። ሁለቱን ቀን አምታታ የሚባል ቄስ አልገጠመኝም። መሐንዲሱም የሚለምነው ይህንኑ ነው፦ የሆነበት ሰዓት በለካው መሣሪያ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጻፍ፤ የደረሰበት ሰዓት ለብቻው ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ልኬት ተራ ቁጥር ይኑረው፤ ሰዓቱ የተጠረጠረ ከሆነ ጥርጣሬው አብሮ ይጻፍ።

አለቃ ግን ክፍተትም ጥርጣሬም አይወድም። «ይቺ ባዶ ቦታ ምንድን ናት?» ይላል። «ኔትወርክ አልነበረም።» «ታዲያ ሙሏታ፤ ሪፖርቱ ነገ ይፈለጋል።» ይሞሏታል። የመጨረሻዋን ቁጥር ይዘው እስከሚቀጥለው ድረስ ይጎትቷታል። እናም ርብ፣ በክረምት፣ በሐምሌ፣ ሦስት ቀን ሙሉ 1 ሜትር ከ80 ላይ ንቅንቅ ሳይል ቆሞ ይታያል፤ ከግርጌውም «የጎርፍ ስጋት አልተመዘገበም» የሚል ዓረፍተ ነገርና ክብ ማኅተም አለ።