ምርጫ የሌለው ለምን ያሸንፋል? በሃያ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተደረገ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ብላክጃክ፣ በሌላ ስሙ ሃያ አንድ፣ ከመደመር ያለፈ ትምህርት አይጠይቅም። ከ2 እስከ 10 ያሉት ካርታዎች በቁጥራቸው ይታሰባሉ። ጃክ፣ ንግሥትና ንጉሥ በማዕረግ ቢለያዩም ሦስቱም 10 ናቸው። አስ እንደ ባለቤቱ ችግር 1 ወይም 11 ይሆናል። ከ21 ሳያልፍ አዳዩን፣ ማለትም ካርታ የሚያድለውን የቁማር ቤቱን ሠራተኛ፣ የበለጠ ይበላል፤ ያለፈ ይቃጠላል። ጥናታችን የሚመረምረው ይህን ሁሉ የተረዱ አዋቂዎች ከላስ ቬጋስ ጠረጴዛ ሲነሡ ኪሳቸው ለምን እንደሚቀል ነው።

የሁለቱ ወገኖች ጠባይ

አዳዩ ሐሳብ እንዲኖረው አይፈቀድለትም። ድምሩ 16 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይጨምራል፤ 17 ሲደርስ ይቆማል። በአንዳንድ ቤቶች ግን 17ቱ አስን 11 ቆጥሮ የተገኘ ከሆነ አንድ ይጨምራል፤ ይህንንም የሚያደርገው ስለታዘዘ ነው።

ተጫዋቹ በአንጻሩ ነፃ ሰው ነው። መጨመር፣ መቆም፣ ውርርዱን እጥፍ ማድረግ፣ ጥንድ ካርታውን ለሁለት መክፈል ይችላል። 16 ይዞ አዳዩ 10 ሲያሳየው «ልቤ ነግሮኛል» ብሎ ይቆማል። ልቡ የነገረው ከ13ቱ የካርታ ዓይነቶች 8ቱ እንደሚያቃጥሉት ነው። መቆም ከዚያም በጥቂቱ የባሰ እንደሚያከስር ግን አልነገረውም።

የቤቱ ትርፍ ምንጭ

ቤቱ አያታልልም፤ ተራ ብቻ ያስከብራል። ተጫዋቹ ቀድሞ ስለሚጫወት ቀድሞ ይቃጠላል፤ ገንዘቡም ወዲያው ይነሣል። አዳዩ ከዚያ በኋላ ቢቃጠል የራሱ ሐዘን ነው።

ሁለት ተጨማሪ ምንጮች አሉ። አዳዩ አስ ሲያሳይ ኢንሹራንስ፣ ማለትም የተሸፈነው ካርታው 10 ነው የሚል የጎን ውርርድ፣ ይቀርባል። የሚከፍለው ሁለት እጥፍ ነው፤ ከ13ቱ ዓይነቶች ግን 10 የሚሆኑት 4 ብቻ ናቸው። ሻጩ አደጋውን የሚያደርሰው አካል መሆኑ ገዢዎችን አላሳሰበም። በተጨማሪም አስና ባለ 10 ካርታ በመጀመሪያው እደላ የገጠመለት ተጫዋች ቀድሞ 3 ለ2 ይከፈለው ነበር፤ ዛሬ በብዙ ጠረጴዛዎች 6 ለ5 ይከፈለዋል። በ10 ዶላር 15 የነበረው 12 ሆኗል። 6 ከ3 ስለሚበልጥ ለውጡ በጸጥታ አልፏል።

የቀደሙ ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ጦር ውስጥ የነበሩ አራት ሰዎች በጠረጴዛ ማስያ ለእያንዳንዱ ድምር የሚበጀውን አስልተው አሳተሙ። የሒሳብ ምሁሩ ኤድዋርድ ቶርፕ በ1962 ባሳተመው መጽሐፉ የወጡትን ካርታዎች የሚቆጥር ሰው ቤቱን ሊበልጥ እንደሚችል አሳየ። በኔቫዳ መቁጠር ወንጀል አይደለም፤ ቤቱ ግን ቆጣሪውን በትሕትና ወደ በሩ ይሸኘዋል። ማሰብ ለሁሉም የተፈቀደ ሲሆን የሚከለከለው ያዋጣ ጊዜ ብቻ ነው።

ለጀማሪ የሚሰጥ ምክር

ካርታ ሲፈልጉ ጠረጴዛውን በጣት ይንኩ፤ ሲበቃዎ መዳፍዎን ያወዛውዙ። ፊታቸው ወደ ላይ የታደሉ ካርታዎችን አይንኩ። አስ ከአስ፣ 8 ከ8 ሲመጣ ይክፈሉ። ኢንሹራንስ አይግዙ።

የቀረው ሁሉ በትንሽ ካርድ ታትሞ በብዙ ቁማር ቤቶች የስጦታ ሱቅ ይሸጣል፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መመልከትም በአብዛኛው ይፈቀዳል። ፈታኙ መልሱን የሚሸጠው ተፈታኙን ስለሚያውቀው ነው።

መደምደሚያ

ካርዱን ሳያዛንፍ የታዘዘ ተጫዋች፣ ሕጉ ደህና በሆነበት ጠረጴዛ፣ ከሚያስይዘው 100 ዶላር በአማካይ 50 ሳንቲም ያህል ብቻ ይከስራል። በዚህ ጊዜ ልቡ አይነግረውም፤ ሐሳብም የለውም፤ ሁለተኛ አዳይ ሆኗል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት የመጀመሪያው ደመወዝተኛ መሆኑ ነው።