ወይ ፋቅ፣ ወይ ፈቀቅ!

«በዚህ በሠለጠነ ዘመን እንጨት የሚያኝክ ሰው!» አለ አሉ አያ ብሩሽ፣ አዲስ ዘመን ከተማ መናኸሪያ መሃል ቆሞ። አለ አሉ ነው እንግዲህ፤ እኔ ራቅ ብዬ ነበር። ለምን ራቅህ አትበሉኝ። ነፋሱ ከእሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው።

ሰውየው እኮ የጣራ ገዳም ጥላ ሥር ያደገ ነው። ዓመት ከመንፈቅ አዲስ አበባ ከረመና ተመልሶ መፋቂያ ሲያይ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። ወይራ ነዋ! ዱላ ሆኖ ጀርባህ ላይ ሲያርፍ በስሙ ትጠራው አልነበር? መፋቂያ ሲሆን ጠፋብህ? ጀርባህ የሚያስታውሰውን አፍህ ረሳው።

«እንደ ፎገራ ላም ታመነዥካላችሁ» ይላል ደግሞ። ማስቲካውን እያመነዠከ! እኛ ስናኝክ ከብት፣ እሱ ሲያኝክ ሥልጣኔ። ለመሆኑ የፎገራ ላም ስድብ የሆነችው ከመቼ ወዲህ ነው? እሷ አመንዥካ ወተት ትሰጣለች። አንተ አመንዥከህ የሰጠኸን ማስቲካውን ነው፤ እሱንም ወንበር ሥር ለጥፈህ።

ቀጠለ። «ይህ የእስላም ነገር ነው፤ እዚህ የደብርና የገዳም አገር ምን አመጣው?» ይሄኔ ተጠጋሁ፤ በሉ ያዙኝ! እስቲ ትንሽ ፋቅ ፋቅ ላድርግህ፣ ከሥር ዕውቀት ቢገኝ። ደሪጣ የት ነው? በጌምድር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምን ትታወቅ ነበር? በሙስሊም ነጋዴዎቿ። የጎንደር አዲስ ዓለምስ? ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሙስሊም ሰፈር። ደብረ ታቦርን ቆረቆሩ የሚባሉት ራስ ጉግሣስ? ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጣ የየጁ ቤት ልጅ። ይህ ሁሉ ሕዝብ አንተ ብሩሽ ይዘህ እስክትመጣለት አፉን ገጥሞ የሚጠብቅ መሰለህ?

ደግሞስ ወይራ መቼ ሃይማኖት ጠይቆ ያውቃል? ሁለት ጎረቤታሞች ካንድ ዛፍ ይቆርጣሉ፤ አንዱ ለሶላት ይፍቃል፣ አንዱ ለገበያ። (ከገዳሙ ደን ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ መፋቂያ ብላችሁ ገብታችሁ ማገር ተሸክማችሁ የምትወጡትን እናውቃችኋለን።) ልዩነቱ ለሙስሊሙ ሱና፣ የነቢዩ ፈለግ፣ መሆኑ ነው። ሱና ነው አልኩህ፣ ሱስ አይደለም፤ ዓይንህን እንደዚያ አታጉረጥርጥ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሕዝባቸውን ማስቸገር ባይሆንባቸው ኖሮ ለየሶላቱ ሲዋክ፣ ማለትም መፋቂያ፣ ያዝዙ ነበር፤ ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ግዴታ ያላደረጉት አዝነውለት ነው። ታዲያ የታዘነለት ሕዝብ አሁንም ለሶላቱ፣ ለውዱኡ፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ይፍቃል። ሐኪም በቀን 2 ጊዜ ይልሃል፣ አንተ 1 ጊዜ፣ እሱንም ቀጠሮ ካለህ። ሶላት በቀን 5 ነው። ሂሳቡን በጣትህ ቁጠር፤ በጥርስህ እንዳልልህ አይበቃም።

እሱም ቢሆን «እኔ በጥርስ ንጽሕና ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ» ባይ ነው። እውነቱን ነው። ሁለቱን ነቅሏል፤ ጉጠት የያዘ ሐኪም አግዞት።

ነቢዩ ሊያርፉ ሲሉ እንኳ የባለቤታቸው የዓኢሻ ወንድም አብዱራህማን ሲዋክ ይዞ ገባ። አተኩረው ሲያዩት ዓኢሻ ገባቸው፤ ተቀብለው፣ አላምጠው አለስልሰው ሰጧቸው፤ ፋቁበት። ያ በ632 እ.ኤ.አ. ነው። አንተ ጉንፋን ሲይዝህ ብሩሽህ ሳምንት ዕረፍት ትወጣለች።

«ረመዷን ላይስ? ያኔ አፋችሁ አይሸትም?» አለኝ። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይህ ሰው ራሱ ነው ወጥመዱ ውስጥ የሚገባው! የጾመኛ የአፍ ጠረን አላህ ዘንድ ከሚስክ ሽቶ የበለጠ ነው የሚል ሐዲስ አለ። በዚህ ተነሥተው የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት ጾመኛ ከቀትር በኋላ ባይፍቅ ይሻላል አሉ፤ የተወደደን ጠረን ምን ያስጠርገዋል ብለው። ሐነፊዎቹ ደግሞ የለም፣ ቀኑን ሙሉ ይፋቅ፤ ጠረኑ የሚመጣው ከባዶ ሆድ እንጂ ከጥርስ አይደለም አሉ። ልብ በል፤ የሐነፊዎቹ መሪ አቡ ሐኒፋ በሞቱበት ዓመት ነው የሻፊዒዎቹ መሪ ሻፊዒ የተወለዱት፤ ክርክሩ ግን ትውልድ ተሻግሮ ኪታብ ሞላ። የጾመኛ አፍ እንዲህ ያለ ሊቅ ያከራክራል። ያንተን አፍ በተመለከተ የተከራከሩት የቢሮ ጎረቤቶችህ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አጠገብህ ማን ይቀመጥ በሚል። ዕጣ ተጣለ።

እሺ፣ የብሩሽን የዘር ሐረግ እንቁጠር? አንተ ነህ ያመጣኸው። በ1780 ገደማ እ.ኤ.አ. ዊሊያም አዲስ የሚባል እንግሊዛዊ የጥርስ ብሩሽ እያመረተ መሸጥ ጀመረ። አዎ፣ ስሙ አዲስ ነው። አዲስ ዘመን ላይ ቆመህ የአዲስን አሮጌ ዕቃ «አዲስ ነገር» ትለናለህ! ቆይ፣ ገና ነኝ። ናይለን የገባው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ክሩ ምን ነበር? ጠጋ በሉ፣ ልጆቹን ራቅ አድርጉ። የአሳማ ፀጉር! ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ አፍ «ኤጭ!» የሚልበት አገር ላይ ቆሞ ነው እንግዲህ ወይራ የሚያንቋሽሸው። አያት ቅድመ አያቶቹ አሳማ ሲስሙ የኖሩ ዕቃ ይዞ!

የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አገሮች ይቀጥል፣ ተጠቀሙበት ብሏል። አንተ ከዓለምም ከጤናም ከድርጅትም ውጭ ነህ።

ከኛም ወገን ጉድ አይጠፋም፤ ልደብቅ አልልም። መፋቂያ እንደ እስክሪብቶ የደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ዓመት የሚያዞር አለ። የማይጽፍ እስክሪብቶ! ድዱን ጉድጓድ እንደሚምስ ሰው የሚጎረጉር አለ። ወይራ ጥላ ሥር ተቀምጦ በላስቲክ የታሸገ የውጭ ሲዋክ በብር የሚገዛም አለ። አራክ የሚባለው የሲዋክ ዛፍ ተመራጩ ነው፣ አልካድኩም፤ ግን የቆላ ዛፍ ነው፣ የሚፈልገው ሰው አፋርም ያገኘዋል። ደጋው የደጋውን ይፍቃል፤ ወይራውን፣ ልምጩን፣ ክትክታውን።

አሁን እነዚያን ሽማግሌ እያቸው፣ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው የተቀመጡትን። ስንዝር የምታህል ወይራ ነች። ጫፏን በቢላ ላጥ፣ ልጣጩን ወዲያ፣ ከዚያ እየነከሱ ጭራዋ እስኪበተን ማላመጥ። የላይኛውን፣ የታችኛውን፣ ምላሱንም ሳይቀር። ጭራው ሲያረጅ ጫፉን ቆረጥ፤ ካንዱ እንጨት ሌላ ብሩሽ ወጣ። ያንተ ስታረጅ የት ትሄዳለች? ሊስትሮ ሳጥን ውስጥ! ከአፍህ ወደ ጫማህ፤ ምናልባት ሰፈር መቀየሯንም አላወቀችም። ሌላ ለመግዛት ደግሞ ኪስህ ይዳበሳል። ብሩሽ የተባለችው ለካ በከንቱ አይደለም፤ ብሩ ሸሸ!

ሰውየው ዞር ዞር አለ። ተመልካቹ በጥርሱ ሳይሆን በሆዱ ይስቃል። የመጨረሻ ጥይቱን አወጣ። «ምንም ብትሉ» አለ፣ «ወይራ በጣም ይመራል። በተለይ ጠዋት ጠዋት።»

ጠዋት ጠዋት? በሞቴ፣ ያ ጉንጩ ላይ ያበጠው ማስቲካ ነው ያለን ማን ነው? ኪሱን ፈትሹልኝ!