የተነሳችው ጎማ

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ብስክሌት ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ካርት የምትባለውን ትንሽ የእሽቅድድም መኪና ጠየቀኝ። እኔም አላቅማማሁም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ያገለገለች ካርት ፈልጌ ገዛሁለት። የሽሮ ሜዳን ቁልቁለት በእንጨት ጋሪ የወረድኩ ሰው ካርት ሊያስፈራኝ? ጋሪዬ አራት ኩሽኔታ፣ አንድ ሳንቃ፣ ለመሪ ገመድ፣ ለፍሬን ደግሞ የራሴ ጫማ ነበራት። የጫማዬ ተረከዝ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የካርቷን ሆድ ጎንበስ ብዬ ሳይ የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ባሌስትራ የላት፣ ሞላ የላት። ዲፈረንሻልም የላትም፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ታስረው እኩል ይሽከረከራሉ። ዘሯም ቢሆን ከኛ ጋሪ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያዋን ካርት የሠራው አርት ኢንግልስ፣ የውድድር መኪና በሚሠራበት ድርጅት ተቀጥሮ ሳለ፣ ለራሱ መጫወቻ የገጠመው የሣር ማጨጃ ሞተር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ልጄ መወዳደሪያው ሜዳ ላይ ሦስት ዙር ነድቶ ተመለሰ። “አባዬ፣ እኔ መሪውን አዞራለሁ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች” አለኝ።

አፌን ሳልከፍት አምስት አባቶች ከበቡኝ። አሜሪካዊ ጎረቤቱን ሰላም ለማለት ይቆጠብ ይሆናል፤ ስለ ካርት ምክር ሲሆን ግን እንደ እድር ሽማግሌ ነው። አንዱ የፊት ጎማዎቹን ወደ ውጭ አውጣ አለኝ፣ አንዱ ነፋስ ጨምር፣ አንዱ ወንበሩን ከፍ አድርግ፣ አንዱ ዘንጉን ቀይር፣ የመጨረሻው የወንበሩን ደጋፊ ቡሎኖች አላላ። ሰው ማስቀየም አልወድም፤ አምስቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈጸምኩ። ልጄ ወጥቶ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ እንዝርት ሾሮ ሣር ላይ ቆመ። የማን ምክር እንዳሾረው አላወቅንም። አምስቱ አባቶች ግን የራሳቸው እንዳልሆነ እርግጠኞች ነበሩ።

ያዳነኝ ደብተር የያዘ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። “ሁሉንም ወደነበረበት መልስ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይርና ጻፍ” አለኝ። ቀጥሎም ኩርባው ዳር ወስዶ አስጎነበሰኝ። “የውስጠኛዋን የኋላ ጎማ እያት።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩርባ ላይ የውጭዋ ጎማ ከውስጠኛዋ የበለጠ መንገድ ትሄዳለች። አንድ ዘንግ ላይ ስለታሰሩ ግን አንዷ ሌላዋን መጎተት አለባት፤ በጉተታቸውም ካርቷን ቀጥ አድርገው ይገፏታል። መፍትሔው ውስጠኛዋ ለቅጽበት ከመሬት እንድትነሳ ነው! መሪው ሲዞር የውስጥ በኩል የፊት ጎማ ወደ ታች ትጫናለች፣ ሻንሲው ይጣመማል፣ የኋላዋ ተነስታ ትገላገላለች። ሞላው ሻንሲው ራሱ ነበር ማለት ነው። ወንበሩም በቡሎን ታስሮ የሻንሲው አካል ስለሆነ፣ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የካርቷን ጠባይ ይለውጣል።

ከዚያ በኋላ ሰው አልሆንኩም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የፊት ጎማዎችን በአምስት ሚሊሜትር አወጣለሁ፣ እጽፋለሁ። ነፋስ በአንድ ፒ.ኤስ.አይ. እቀንሳለሁ፣ እጽፋለሁ። ጠዋት የሰመረው ከሰዓት ይበላሻል፤ ቀኑን ሙሉ የተነዱት ካርቶች ጎማቸውን አስፋልቱ ላይ ሲቀቡት መንገዱ ይበልጥ ይይዛላ። ሚሊሜትር ስቆጥር ስውል ቤት ውስጥ አንድ እግሩ የተሰበረው ረከቦት ከፋሲካ ጀምሮ ይጠብቀኛል።

በሦስተኛው ወር ሆነ። ልጄ ኩርባውን ሲቆርጥ ውስጠኛዋ ጎማ ሁለት ጣት ያህል ተነስታ ሳለች በስልኬ ያዝኳት። ማታ ፎቶውን ለባለቤቴ አሳየኋት።

“ውይ በሞትኩት! ልጄ ሊገለበጥ ነው!”

“የለም፣ የለም፤ ሦስት ወር የለፋሁት እኮ ለዚህ ነው። በሦስት ጎማ ስትቆም ነው የምትስተካከለው።”

ፎቶውን አየት አደረገች፣ ቀጥሎ ወደ ማዕዘኑ፣ በመጽሐፍ ወደተደገፈው ረከቦት ዞር አለች።

“እሱንስ ለስንተኛው ውድድር ነው ያዘጋጀኸው?”