ዘማሪው ስንት ሰዓት ነው?

«እህቴ፣ ዘማሪው ስንት ሰዓት ነው የሚዘምረው?»

አስተናጋጇ ፈገግ አለች። ጥያቄውን ስንት ጊዜ እንደመለሰችው ከፈገግታዋ ያስታውቃል። «መጀመሪያ በእንግዳችን ቃሉን እንካፈላለን፤ ከዚያ በኋላ ነው።» ጠያቂው ሰዓቱን አየና ወደ መኪናው ተመለሰ። ሊተኛ።

በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን ረጅም ዕረፍት ላይ ነን፤ ዋሽንግተን አካባቢ፣ በአንድ የሐበሻ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሦስት ቀን ኮንፍራንስ። አዳራሹ ከአሜሪካኖቹ ባፕቲስቶች የተከራዩት ነው። በር ላይ በተሰቀለው ፖስተር እንግዳው ሰባኪ እጃቸውን ዘርግተው፣ እንግዳው ዘማሪ ዐይኑን ጨፍኖ ቆመዋል። ዓመቱን ሙሉ የታመመ ሲጠይቅ፣ የተጣላ ሲያስታርቅ የሚውለው የቤቱ መጋቢ ደግሞ ከታች፣ ከፓርኪንጉ አቅጣጫ ጎን፣ የፖስታ ቴምብር አክሎ ይታያል።

ኮንፍራንስ በጸሎት ይጀመራል ይባላል እንጂ የሚጀመረው በ«ቼክ፣ ቼክ» ነው። ዘማሪው ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፤ ድምፄን ጨምርልኝ ማለቱ ነው። ኪቦርዲስቱም ይቀስራል። ጊታሪስቱ አይቀርበትም። ቻርልስ ስፐርጀን የተባለው ዝነኛ ባፕቲስት ሰባኪ በ1857 እ.ኤ.አ. ለንደን በነበረው ክሪስታል ፓላስ ለ23,654 ሰው ያለ ማይክ ሰብኳል። ቀደም ብሎ ድምፁን ሊሞክር ባዶው አዳራሽ ገብቶ ስለ እግዚአብሔር በግ የሚናገረውን የወንጌል ቃል ጮክ ብሎ ቢያሰማ፣ ላይ ሆኖ ሥራውን ይሠራ የነበረ ሰው ሰምቶ ሕይወቱን ለጌታ ሰጠ ይባላል። የእኛ ሳውንድ ቼክ እስካሁን ያስለቀሰው ሕፃናትን ብቻ ነው።

እንግዳው ተነሡ። «ጊዜያችሁን አልሻማም» ብለው ስለዘገየው በረራቸው ተረኩልን። «አጠገብህ ላለው ሰው ዘመንህ ተለውጧል በለው!» ሲሉ፣ ጎረቤቴ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ነገረኝ። እኔም አሜን አልኩት። «ወደ መጨረሻው እየመጣሁ ነው» ያሉት አራት ጊዜ ነው። ባሉ ቁጥር ኪቦርዲስቱ ቀስ አድርጎ አንድ ለስላሳ ድምፅ ያስገባል፤ ሌላ ጥቅስ ሲገልጡ ደግሞ እጁን ሰብስቦ ጭኑ ላይ ያኖራል።

ለመሆኑ ዘማሪውን ምን መጨረሻ ላይ አስቀመጠው? ነገሩ የቆየ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ቤንጃሚን ኪች የሚባል ባፕቲስት መጋቢ ምእመናኑን በአንድነት ማዘመር ሲጀምር፣ «ሰው የደረሰው መዝሙር በአምልኮ መካከል ምን ይሠራል?» ብለው የተቆጡ ነበሩ። ስለዚህ መዝሙሩ ከስብከቱ በኋላ ሆነ፤ ያልተስማማው ቀድሞ እንዲወጣ። ይህም ያልበቃቸው ተገንጥለው የማይዘመርበት ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። ዛሬም መዝሙሩ ከስብከቱ በኋላ ነው፤ ምክንያቱ ግን ተገልብጧል። ሰው ቀድሞ እንዳይወጣ ነው።

በመጨረሻ ሰባኪው ጥሪ አቀረቡ። «ልቡ የተነካ ወደ ፊት ይምጣ።» ኪቦርዱ ተንቆረቆረ። ማንም አልተነሣም። «አንድ ሰው አለ፣ ይታየኛል» አሉ። የታያቸው ሰው ግን አልታየንም። በዚህ መሃል አስተናጋጇ ብጣሽ ወረቀት አቀበለቻቸውና አነበቡት፤ «ነጭ ካምሪ መውጫው ላይ ያቆማችሁ፣ ጎታች መኪና መጥቷል።»

አሥራ አንድ ሰው ብድግ አለ። አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የእኔ ግራጫ ኮሮላ ነው፣ ግን ማን ያውቃል።

ውጭ ስንደርስ ካምሪው የመጋቢው ሆኖ ተገኘ። እንግዳውን ከኤርፖርት አምጥቶ፣ ረፈደ ብሎ በር ላይ ጥሎት ገብቶ ኖሯል። አሁን ሸሚዙ በላብ ርሶ ሾፌሩን ይለማመጣል። ከውስጥ የከበሮ ድምፅ ሲሰማ አሥራችንም እየተጋፋን ተመለስን። በር ላይ፣ ዐይኑን እያሻሸ ከመኪናው የወረደው ያ የጠዋቱ ሰውዬ መጋቢውን ትከሻውን መታ አድርጎ ሲጠይቀው ሰማሁ፤

«ወንድም፣ ጀመረ እንዴ?»