ፍላሽ በባጃጅ
የሲናና ወረዳ መቀመጫ ሮቤ ናት፤ የባሌ ዞንም እንዲሁ። ፋይልን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የመላኪያው ደንብ፣ ኤፍቲፒ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ወጥቷል፤ ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኛል የተባለው ወረዳኔትም ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይሁንና የወረዳው የስንዴ ምርት ሪፖርት ወደ ዞኑ ዛሬም በፍላሽ፣ ፍላሹ በኪስ፣ ኪሱ በባጃጅ ይጓዛል ቢባል የሚገረም አይገኝም።

ለፍላሽ ጥብቅና የሚቆም አይጠፋም፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ፍላሽ አይቆራረጥም ይላል። እውነቱን ነው። የማስተላለፊያ ሶፍትዌር ብልሃቱ ግን እዚሁ ላይ ነው፦ መስመሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተላከውንና የደረሰውን ያመሳክራል፤ ላኪው ዊንዶውስ፣ ተቀባዩ ሊኑክስ ቢሆን ግድ የለውም። ፍላሽ በበኩሉ ቫይረሱንም ሳያጓድል ያደርሳል፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትካት ሆኖ ይከፈታል። ሶፍትዌሩ ውድ ነው እንዳይባል፣ ደህንነቱ የተጠበቀውን የፋይል መላኪያ ደንብ፣ ኤስኤፍቲፒን፣ የሚያስተናግዱ ነፃ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። የሚያስፈራው መዝገቡ ሳይሆን አይቀርም። ሶፍትዌሩ ማን በስንት ሰዓት እንደላከ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ «እኛ ልከናል፣ አልደረሳችሁም እንዴ?» የምትለው የዘመናት ባለውለታ ሥራ ትፈታለች። ፍላሽ አድራሹም በማድረሱ ሰበብ ከቢሮ ወጥቶ ማኪያቶ የሚጠጣበት ሰዓት ይቀርበታል፤ ይህን የሚተካ ሶፍትዌር ደግሞ ገና ለገበያ አልቀረበም።